ማገዶው ከማን ዛፍ ነው? ጌዴኦና የኢትዮጵያ የኢነርጂ ምርምር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሞያሌን መንገድ የያዘ መንገደኛ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ ይገባል። ከዲላ አልፎ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያቀና መንገዱን ግራና ቀኝ የከበበውን አረንጓዴ ደን ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ነገር ግን ከብርብራው፣ ከዋንዛውና ከሰሳው ጥላ ሥር ቡና አለ፤ ከቡናው መሐል እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ጀርባ ጢስ የሚወጣበት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው መዝግቧል። የዞኑ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሰው በየዕለቱ እሳት ያነዳል፣ አብዛኛውም በእንጨት። ዛፉ ግን ዛሬም ቆሟል።

የአገራችን የኢነርጂ ተመራማሪዎች ላለፉት 40 ዓመታት የጻፏቸውን ሰነዶች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ይህ የጌዴኦ ነገር እንቆቅልሽ ሆኖ ይቆያል። አንዱ ወገን ማጀት ገብቶ የሚነደውን እንጨት መዘነ። ሌላው ወገን ጓሮ ገብቶ የሚበቅለውን ዛፍ ለካ። ሁለቱ መዝገቦች የተጻፉት በተለያየ ቤት፣ በተለያየ ሙያ፣ ለተለያየ አንባቢ ነው። ጌዴኦ ላይ ግን ማጀቱና ጓሮው አንድ ግቢ ናቸውና አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ማጀቱ። የኢትዮጵያ የማገዶ ችግር በቁጥር መጻፍ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። በ1984 የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአገሪቱን የኢነርጂ ዘርፍ ገምግመው ሪፖርት አወጡ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ኢነርጂ ኮሚቴ በበኩሉ ሴሰን ከተባለው የጣሊያን ድርጅት ጋር ያስጠናው ሰፊ ጥናት በ1986 ተጠናቀቀ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፉ ሥራዎች ለረጅም ጊዜ መነሻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሁለቱም ፍሬ ነገር አንድ ነበር። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእንጨት፣ ከኩበትና ከእርሻ ተረፈ ምርት ይመጣል፣ የሚነደውም በቤት ውስጥ ነው። እንጀራ መጋገር ብቻውን ከአገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ኃይል ከግማሽ በላይ፣ ከቤተሰብ ፍጆታ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይወስዳል የሚለው ስሌት በብዙ ጽሑፎች ሲደጋገም ይገኛል።

ይህን የተረዱት የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሥራቸውን ከሦስቱ ጉልቻ ጀመሩ። ከ1989 እስከ 1995 በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የማብሰያ ብቃት ማሻሻያ ፕሮጀክት ሁለት ምድጃዎች ተወለዱ። አንደኛው የኬንያን የሸክላ ጂኮ መሠረት ያደረገው የከሰል ምድጃ ላቀች ነው። ሁለተኛው ለእንጀራ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። የዚህን ሁለተኛውን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ከውጭ የተቀዳ አልነበረም። ሲሚንቶ ከአሸዋ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ይፈሳል። አራት ጎባጣ ቁራጮች ተገጣጥመው በምጣዱ ሥር ክብ ግድግዳ ይሆናሉ። ሁለት ተጨማሪ ቁራጮች ከኋላ ተደርገው ድስት ይሸከማሉ። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ነፋስ እየበተነ የሚወስደው ነበልባል እዚህ ተከቦ ምጣዱን ይመታል፤ ከኋላ የሚያመልጠው ትኩስ ጢስ ደግሞ በመውጫው ላይ የተጣደውን ወጥ ያበስላል። አሁን ያለውን የሸክላ ምጣድ መለወጥ አያስፈልግም። ባለሞያዋ የለመደችው የእጅ አያያዝም አይቀየርም። በቤተ ሙከራ የተለካው የማገዶ ቁጠባ 50 በመቶ ገደማ ነበር።

ምድጃው ወደ ገበያ ወጣ፤ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በየክልሉ አምራቾችን እያሠለጠነ፣ ደቡብ ክልልን ጨምሮ፣ አሠራጨው። እዚህ ላይ ግን የጌዴኦን ማጀት የሚያውቅ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ምርጥ ምድጃ የተቀመረው ለእንጀራ ነው። ጌዴኦ ደግሞ የእንሰት አገር ነው። ቆጮ ሲጋገር በኮባ ተሸፍኖ ዝግ ብሎ ይበስላል እንጂ እንደ እንጀራ በአንድ ቀን ተጋግሮ ለቀናት በመሶብ አይቀመጥም። ጎመኑም፣ ቦሎቄውም፣ ቡናውም የየራሳቸው እሳት አላቸው። የአገሪቱ የምድጃ ምርምር መሐል አገርን ማዕከል አድርጎ መነሳቱ የሚገባ ምክንያት ነበረው፤ ትልቁ የማገዶ ወጪ እዚያ ነበርና። ሆኖም በእንሰት አካባቢ ያለችው እናት የተጠየቀችው ዘግይታ ነው።

ስለ እንሰት አካባቢ ማጀት አየር ጠንካራ ማስረጃ ያለን ከጌዴኦ ሳይሆን ከቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ አበራ ኩሜና ባልደረቦቻቸው በገጠር ቡታጅራ 3,300 በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ በአንድ ዓመት ጊዜ ከ17,000 በላይ የአየር ናሙና ወስደው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለኩ። ውጤቱ በ2009 ታተመ፤ አማካዩ የ24 ሰዓት መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 97 ማይክሮ ግራም ያህል ነበር። በጊዜው የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታዊ አማካይ ያስቀመጠው ወሰን 40 ነው። እነዚያ ቤቶች የጌዴኦን ያህል ዝናብ ባይኖራቸውም አመጋገባቸው ቅርብ ነው፦ እንሰት በጓሮ፣ ማገዶ በጉልቻ፣ ሕፃን በጀርባ። ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ወር፣ በር ተዘግቶ እርጥብ እንጨት በሚነድበት ቤት ያለው ጢስ ከዚህ እንደማይሻል ለመገመት የጌዴኦን ክረምት ማወቅ ይበቃል።

በ2011 የኢትዮጵያ መንግሥት የአየር ንብረት ለውጥን የማይበግር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን ሲያወጣ ምድጃ ከማጀት ወጥቶ የአገር ፖሊሲ ሆነ። እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች እንዲዳረሱ ታቀደ። ለተቀነሰ የካርቦን ልቀት የሚከፍለው የካርቦን ገበያም ለእያንዳንዱ ምድጃ ገንዘብ እከፍላለሁ አለ። ገንዘብ ሲመጣ ልኬት ይጠበቃል፤ ከቤተ ሙከራ ውጪ በእውነተኛው ቤት ምድጃው ስንት ይቆጥባል የሚለውን አንድ ሰው መመለስ ነበረበት።

ይህን የመለሱት ኢኮኖሚስቶች ናቸው። አበበ ዳምጤ በየነ፣ ዘነበ ገብረእግዚአብሔርና አለሙ መኮንን፣ ከራንዳል ብላፍስቶን፣ ከፒተር ማርቲንሰንና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ገጠር ውስጥ ምርጥ ምድጃን በዕጣ አከፋፈሉ። አንዳንዱ በነጻ አገኘ፣ አንዳንዱ ከፍሎ። በምድጃዎቹ ላይ ሙቀት የሚመዘግቡ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ተገጠሙ፤ ስለዚህ ተመራማሪው "ትጠቀሚበታለሽ ወይ?" ብሎ ጠይቆ የይሉኝታ መልስ መቀበል አላስፈለገውም። ቁጥጥር በሚደረግበት የማብሰል ሙከራ ደግሞ ሴቶቹ በራሳቸው ሊጥ፣ በራሳቸው ምጣድ፣ አንድ ጊዜ በሦስት ጉልቻ አንድ ጊዜ በምርጥ ምድጃ ጋገሩ፤ እንጨቱ ሲገባም ሲተርፍም ተመዘነ። በ2018 የታተመው ውጤት የማገዶ ቁጠባውን ከ22 እስከ 31 በመቶ አደረገው። በ2015 የወጣው የዓለም ባንክ ጥናታዊ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ምድጃ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት፣ ወይም 0.94 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያድናል ሲል ደመደመ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህ ቀድሞ ከተገመተው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ምድጃውን ያገኙ ሰዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ሲደረግ ቁጠባው ከፍ ማለቱን፣ ከአከፋፈል አማራጮቹም የጠነከረ ውጤት የታየው በነጻ ሲሰጥ መሆኑንም መዝግበዋል።

ይህን ሥራ ከፍ አድርጌ የማየው ለዚህ ሐቀኝነቱ ነው። የራሱ አገር የሚኮራበትን ምድጃ ይዞ፣ የቀደመውን ቁጥር የሚቀንስ ቁጥር ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም። 634 ኪሎ ማለት በቀን 1.7 ኪሎ ያህል ሸክም ነው፤ እንጨት ለቅማ ለምታመጣ ልጅ ይህ ብዙ ነው።

ነገር ግን ከእንጨቱ ወደ ካርቦኑ በሚደረገው ሽግግር ውስጥ አንድ ግምት ተደብቋል። የሚነደው እንጨት ተመልሶ የማይበቅል ከሆነ ማገዶ መቆጠብ ካርቦን መቆጠብ ነው። ዛፉ ተቆርጦ በቦታው ሌላ ከበቀለ ግን የወጣው ካርቦን ተመልሶ ይገባል። በ2015 ሮብ ቤይሊስ፣ ሩዲ ድሪጎ፣ አድሪያን ጊላርዲና ኦማር ማሴራ በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ ያወጡት ጥናት በዓለም ላይ ለማገዶ ከሚቆረጠው እንጨት ዘላቂ ባልሆነ መንገድ የሚሰበሰበው ከ27 እስከ 34 በመቶ እንደሚሆን አሰላ፤ ምሥራቅ አፍሪካን ጉዳቱ ከሚበረታባቸው አካባቢዎች መካከል አስቀመጠ። ለመላው ምሥራቅ አፍሪካ የሚነገረው ለአንድ ወረዳ ላይሠራ ይችላል። ጌዴኦ ላይ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ የእንጨቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ከማን ዛፍ ነው? ማን ተከለው? ተመልሶስ ይበቅላል?

መልሱ ያለው በሁለተኛው መዝገብ፣ በጓሮው ነው።

ታደሰ ኪጴ በ2002 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ሥራ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ነው። ርእሱ የ5,000 ዓመት ዘላቂነትን የሚመለከት ሲሆን መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለው። የጥያቄ ምልክቱ የዋዛ አይደለም፤ ጸሐፊው የራሳቸውን መነሻ ሐሳብ ለፈተና ማቅረባቸውን ያሳያል። የደን ሥነ ምህዳር ዓይን ይዘው የጌዴኦን ግቢ ሲያዩ ሜዳ፣ ደንና አትክልት ቦታ ተለያይተው አላገኟቸውም። እንሰቱ ምግብም፣ መጠቅለያም፣ ውኃ ማቆሪያም ነው። ዛፉ ለቡናው ጥላ፣ ለአፈሩ ቅጠል፣ ለቤቱ ምሰሶ፣ ለምድጃው ቅርንጫፍ ነው። አንድ ዛፍ ሲወድቅ ሌላው በሥሩ ተተክሎ ይጠብቃል። ታደሰ በኋላም በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1996 የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ2006 ራሱን ችሎ ቆመ። ያ ሥራ ከተጻፈ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2023፣ ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመዝገቡ አሠፈረ። ለዚህ ዕውቅና የቀደመውን የትውልድ ልፋት የጌዴኦ ገበሬ ነው የከፈለው፤ በቃል የተላለፈውን ግን ለምርምር ዓለም በጽሑፍ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ታደሰ ናቸው።

ታደሰ የገለጹትን መሰለ ነጋሽ በሜትር ለኩት። በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ መምህር የሆኑት መሰለ በ2013 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራ ጌዴኦ የሚገኝበትን የደቡብ ምሥራቅ ስምጥ ሸለቆ ዳገት አገር በቀል የጥምር እርሻ ደን ይመለከታል። ከእሸቱ ይርዳውና ከኦላቪ ሉካነን ጋር በ2012 ያሳተሙት ጽሑፍ በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ 58 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎች ይቆጥራል፤ ከመቶ 86ቱ አገር በቀል ናቸው። ደጋው የእንሰት፣ መካከለኛው የእንሰትና ቡና፣ ዝቅ ያለው የፍራፍሬና ቡና ሥርዓት ተብሎ በሦስት ተከፈለ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ አድካሚ ነበር። አንድ የቡና ዛፍ ስንት ኪሎ እንጨት እንደያዘ ሳይቆረጥ ለማወቅ ቀመር ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ የነበሩት ቀመሮች ግን ለሌላ አገር ዛፍ የተሠሩ ነበሩ። መሰለና ባልደረቦቻቸው ቡናዎችን ቆርጠው፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ለይተው፣ አድርቀው መዘኑ። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚለካው የግንድ ውፍረት ብቻውን የዛፉን ክብደት በደንብ እንደሚነግር አገኙ። የተለመደው የደን ልኬት በደረት ቁመት የሚወሰድ ነው። የጌዴኦ ቡና ግን በጉንደላ ይታደሳል፤ ከታች ተቆርጦ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ደረት ላይ ሲደርስ አንድ ግንድ የለውም። ልኬቱ የገበሬውን እጅ ተከትሎ ዝቅ አለ ማለት ነው። ለእንሰትም እንዲሁ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ውፍረትና ቁመቱ ተጠንቶ የራሱ ቀመር ወጣለት። ከማይክ ስታርና ከማርኩ ካኒነን ጋር የቀጠሉት ሥራ በዛፉና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ቆጥሮ፣ ወደፊት እንዴት እንደሚሄድም በሞዴል አሰላ።

ጉንደላ የተጠቀሰው ለዛፍ ልኬት ቢሆንም ለማገዶ ጉዳይ ቁልፍ ነው። በየዓመቱ ከሚጎነደለው ቡና፣ ከሚቆረጠው የብርብራና የብሳና ቅርንጫፍ፣ ከደረቀው የእንሰት ሽፋን የሚገኘው ማገዶ ሥሩ በሕይወት ያለ ማገዶ ነው። ከዚህ ማገዶ አንድ ኪሎ መቆጠብ ለእናት ጉልበትና ለሕፃን ሳንባ ያለው ዋጋ ሙሉ ነው፤ ካርቦን ሻጩ የሚያስበው ዋጋ ግን የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ከሚነድበት ቦታ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። ዲላን በመሰለ ከተማ የሚሸጠው እንጨትና ከሰል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው፤ ከየትኛው ዳገት እንደወረደ በጓሮ ልኬት አይታወቅም። ለአገር አንድ ቁጥር ማውጣት ለሪፖርት ይመቻል፤ ለጌዴኦ ግን ቁጥሩ ከጓሮው መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

ሌላው የንጹሕ ኢነርጂ መንገድ ባዮጋዝ ነበር። እበት አብላልቶ ጋዝ የሚያወጣው ማብላያ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት እንደተሠራ ይነገራል። በ2006 ጌታቸው እሸቴ፣ ካይ ዞንደርና ፌሊክስ ተር ሄግዴ ያቀረቡት የአዋጭነት ጥናት በአገሪቱ ከተሠሩት 1,000 ያህል ማብላያዎች 40 በመቶ ገደማ ሥራ ማቆማቸውን ገለጸ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የክትትል ማነስ፣ የውኃ እጥረትና የከብት ቁጥር መቀነስ ነበሩ። ከዚያ የተወለደው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ፣ ከኔፓል ልምድ ተነስቶ ስንዱ የሚል ስም በተሰጠው ማብላያ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ታቅዶ 8,000 ያህል ተሠራ። ማብላያው በየቀኑ እበትና ውኃ ይፈልጋል፤ አራት ከብት ያህል የሌለው ቤት አይመከርም። ጌዴኦ ላይ ደግሞ መሬቱ ለእንሰትና ለቡና ተይዟል፤ ለግጦሽ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለከብት አገር የተሰላ ማብላያ በቡና አገር ላይ የሚጎድለው እበቱ ነው።

እበት በሌለበት ሌላ ነገር ሞልቷል። በኢትዮጵያ የታጠበ ቡና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተጀመረ ወዲህ የይርጋ ጨፌ ስም በዓለም የታወቀው በዚሁ አዘገጃጀት ነው። እሸት ቡናው በመፈልፈያው ያልፋል፤ ቀይ ልጣጩ ይገፈፋል፤ ፍሬው ከሚያሟልጨው ሽፋኑ ጋር በገንዳ ውስጥ ቦክቶ ይታጠብና አልጋ ላይ ይሰጣል። የእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህል ልጣጭ ነው። በየወንዙ ዳር ባሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ይህ ልጣጭ ሲከመር፣ ፍሳሹም ወደ ወንዝ ሲገባ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ በውስጡ ያለው ስኳር ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ምሕረት ዳናንቶ ኡልሲዶና ሜንግ ሊ የዲላን አካባቢ አልፎ ወደ አባያ ሐይቅ በሚፈሰው የጊዳቦ ተፋሰስ የሚገኙ ጣቢያዎችን ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አጥንተው በ2016 አሳተሙ።

ወንዝ የሚገድለው ይህ ስኳር ነዳጅ መሆን ይችላል። አየለ ከፋለ፣ መስፍን ረዲና አርአያ አስፋው በ2012 ባሳተሙት ጥናት የቡና ልጣጭን አፍልተው፣ ስኳሩን አውጥተው፣ በእርሾ አብላልተው ኢታኖል አወጡ። ከጥናቱ ትልቁ ነገር የአሲዱ ነው፤ በሰልፈሪክ አሲድ የተሞከረው ሁሉ ተወዳድሮ ከፍተኛውን ውጤት የሰጠው ለ4 ሰዓት በንጹሕ ውኃ የፈላው ሆነ። ለገጠር ጣቢያ አሲድ ማስቀረት ትልቅ እፎይታ ነው። ያገኙት የኢታኖል መጠን ግን በሊትር 7.4 ግራም ነበር። አረቄ አውጪ ይህን በደንብ ትረዳዋለች፦ ከቀጭን ጠላ የሳሳ ጥንስስ ነው፤ ለማጣራቱ የሚነደው ማገዶ ከሚገኘው መንፈስ ሊበልጥ ይችላል። አስራት ገብረማርያም ወልደሰንበት፣ በላይ ወልደየስና ባግዋን ቻንድራቫንሺም ከታጠበ ቡና ተረፈ ምርት ኢታኖል የማውጣቱን ሥራ በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ገፉበት።

ማጣራት የማያስፈልገው መንገድ ልጣጩን ወደ ባዮጋዝ ማብላያ ማስገባት ነው። ጋዙ ራሱ ተለይቶ ይወጣል፤ የቀረው ዝቃጭ ወደ ቡናው ሥር ይመለሳል። ችግሩ ኬሚካላዊ ነው። የቡና ልጣጭ አሲዳማ ነው፣ ካፌይንና ታኒን አለው፤ እነዚህ ደግሞ ሚቴን የሚሠሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን ያዳክማሉ። ስለዚህ ብቻውን ከመመገብ ከእበት ጋር ማደባለቅ ይሻላል፤ ያኔ አራት ከብት የሌለው የጌዴኦ ገበሬ በአንድ ወይም በሁለት ከብት እበት ላይ ልጣጭ ጨምሮ ማብላያውን ሊያስኬድ የሚችልበት ዕድል ይከፈታል። የቀረው የወቅት ነገር ነው። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ማብላያው ግን ሐምሌ ላይም፣ ዝናቡ እንጨቱን አርሶ ጢሱ ቤቱን በሚሞላበት ጊዜ፣ በየቀኑ መብላት አለበት። ልጣጩን አየር በማያገኝ ጉድጓድ አምቆ፣ ሳይበሰብስ እስከ ክረምት ማቆየት ይቻላል፤ እንሰትን ቀብሮ ማብላላት ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሙያ አይሆንም።